በስሜ የወጣው ካርድ

ኮልፌ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኑሕ፣

ስልክህን ሳላስፈቅድህ አነሳሁት፤ ይቅርታ። መጀመሪያ ጠርቶ ጠርቶ ዝም ሲል ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ እንደገና ጠራ። አንተ ራስህ «አንዴ የደወለ ናፍቆኝ ነው፣ ሁለቴ የደወለ ጉዳይ አለው፣ ሦስቴ የደወለ ሊጣላኝ ነው» ትል የለ? ሦስተኛው ላይ እማ ከጓዳ «ምንድነው እሱ የሚጮኸው?» ስትል አነሳሁት።

ሴት ናት። «ኢብራር ነህ?» አለችኝ።

ልብ በል፣ ስልኩ ያንተ ነው፤ ቁጥሩም ያንተ ነው። የጠራችው ግን የኔን ስም ነው።

«አዎ» አልኳት።

«ኢብራር ጀላል?»

«አዎ።»

በረጅሙ ስትተነፍስ ተሰማኝ። «እንዴት እንዲህ ትጠፋለህ? ከታኅሣሥ ወዲህ እኮ አላየንህም። መድኃኒትህም አልቋል። ምን ተባብለን ነበር?»

ምን እንደተባባላችሁ አላውቅም። «ይቅርታ» አልኩ።

«ይቅርታውን ተወው። ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት እጠብቅሃለሁ። እንቅልፍስ እንዴት ነው?»

«ትንሽ ትንሽ» አልኳት። ይሄኛው ውሸት አልነበረም።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሞልቶ እያለ መልሼ ቻርጅ ላይ ሰካሁት። ጾም ስለሆነ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ከዚያ እማ ለመግሪብ ውዱእ ስታደርግ ጠብቄ ቁምሳጥንህን ከፈትኩ፤ ለዚህም ይቅርታ። ከክረምት ጃኬትህ ውስጥ የቀጠሮ ካርድ አገኘሁ። ስም፦ ኢብራር ጀላል። ዕድሜ፦ 22። ሃያ ሁለት ዓመት ያንተ ነው እንጂ የኔ አይደለም።

ከካርዱ ጋር ሁለት ገጽ ፎቶ ኮፒ ታጥፏል። ያለመረጋጋትና የትኩረት ማነስ ችግር፣ እነሱ ኤዲኤችዲ የሚሉት፣ ብዙውን ጊዜ ብቻውን አይመጣም ይላል። አብረውት የሚመጡትን ጽፈዋቸዋል፤ ጭንቀት፣ ድባቴ፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ ለመረጋጋት ብሎ ጫት ውስጥ መግባት። ሁሉንም አስምረህባቸዋል። ድባቴ የሚለው ላይ እስክሪብቶህ ወረቀቱን ቀዶታል። ከታች ደግሞ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ከአንድ ሰው በላይ ሊታይ ይችላል የሚል አለ። ከጎኑ በጽሑፍህ «ኢብሮስ?» ብለሃል።

ኢብሮስ ምን? ልትጠይቀኝ ነበር? መቼ ልትጠይቀኝ ነበር?

አየር ጤና ላይ ያ አይሱዙ ከገጨህ ዛሬ ሠላሳ አምስተኛ ቀን ነው። ስልክህን በየቀኑ ቻርጅ የማደርገው እኔ ነኝ። ለምን እንደማደርገው አትጠይቀኝ።

ወንድምህ ኢብራር


ኮልፌ፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሃፊዛ፣

እንዴት ነሽ ሃፊ? ወላዶችሽስ? ባለፈው መንታ ያዋለድሽው በስልክ ባትሪ መብራት መሆኑን ጋሽ ጉዲሳ ነግረውን እማ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች። አሁን ሰፈሩ ውስጥ ዶክተር ነው የምትባዪው፤ አዋላጅ ነርስ ነች ብል ማን ይሰማኛል።

ከዚህ ጋር ያለው ደብዳቤ ለኑሕ የጻፍኩት ነው። የምልክበት ስለሌለኝ ላንቺ ላክሁት። በስልክ የማልነግርሽ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ደውለሽ ገና «ሄሎ» ሳትዪ እማ «ስፒከር አድርገው» ትላለች። ሊሙ ድረስ ወረቀት የሚሸከሙልኝ ጋሽ ጉዲሳ ብቻ ናቸው። አባ መለዋወጫ ሱቅ ለጭነት መኪናቸው ፍሬን ሸራ ሊገዙ በመጡ ቁጥር ፖስታ ስሰጣቸው «ፍቅረኛ አለችህ እንዴ ሊሙ?» ይሉኛል። እህቴ ናት እላለሁ። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» ይላሉ።

የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ታውቂ ነበር?

ማክሰኞ ልሂድ ወይስ ልቅር? ቶሎ መልሺልኝ።

ኢብራር


ሊሙ፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ኢብሮ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ጋሽ ጉዲሳ መኪናውን ሳያጠፉ በር ላይ እየጠበቁኝ ስለሆነ አጭር መሆኑን ይቅር በለኝ።

እንዳትሄድ። ስልኩን አጥፋና ለአባ ስጠው፤ ወረቀቱን ቅደደው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነህ፣ ፈተናህ ሰኔ ላይ ነው፣ ሌላ ነገር ውስጥ አትግባ። ሰው ከሞተ በኋላ ቁምሳጥኑን መበርበር ደግሞ ልክ አይደለም።

ለጠየቅከኝ ነገር በጽሑፍ የሚሆን መልስ የለኝም። ስንገናኝ እናወራለን።

ደረቴን ይመታኛል ያልከኝ አሁንም አለ? እማ አሁንም ያንተ በር ላይ ፍራሽ ዘርግታ ነው የምትተኛው? በአየር ጤና በኩል ከሆነ ትምህርት ቤት የምትሄደው፣ እባክህ በሌላ በኩል ሂድ።

እህትህ ሃፊዛ


ኮልፌ፣ መጋቢት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሃፊ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ረቡዕ ነው። ማክሰኞ ግን ሄጃለሁ። ስለዚህ አልታዘዝኩሽም ማለት አይቻልም፤ ትእዛዙ ነው የዘገየው።

ክሊኒኩ ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ፣ ከአንድ የብረታ ብረት ቤት ጀርባ ነው። ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ ውጭው ላይ ስለ ጭንቅላት የሚል ነገር አልተጻፈም። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበረ ሰውዬ ጠጋ ብሎ «አንተ ደግሞ ምን ሆንክ ነው የሚሉህ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። «እኔም ምንም ነኝ። ሰባት ዓመቴ» አለ።

ከዚያ በሩ ተከፍቶ «ኢብራር ጀላል!» ተባለ።

ተነሳሁ። የጠራችኝ ሲስተር አጸደ ትባላለች፤ እማን በዕድሜ ትቀድማት ይሆናል። እየሳቀች ወጥታ ስታየኝ ፊቷ ተለወጠ። ከኋላዬ ሌላ ሰው ፈለገች።

«ኢብራር ነው የጠራሁት።»

«እኔ ነኝ።»

«አንተ አይደለህም።»

«ኢብራር ጀላል ነኝ። መታወቂያ ላሳይዎት።» የትምህርት ቤት መታወቂያዬን አወጣሁ። ብዙ አየችው።

«ታዲያ ያ ልጅ ማነው?»

«ወንድሜ ነው። ኑሕ ነው ስሙ።»

«የት ነው?»

ነገርኳት። ሃፊ፣ እኔ እስካሁን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ሁሉም ሰምቶ ነው የሚመጣው። ከአፌ ሲወጣ የሌላ ሰው ወሬ መሰለኝ። ሲስተር አጸደ የታካሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እኔ የሷ ላይ ተቀመጥኩ፤ ማናችንም አላስተዋልነውም።

አሁን የምጽፍልሽን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ኑሕ ቀጠሮ ሲያስተጓጉል አሳስቧት ጥር አሥራ ስድስት ቀን ለቤተሰብ ደውላ ነበር። ካርዱ ላይ የቤተሰብ ተጠሪ የሚል አለ፤ ኑሕ የአባን ቁጥር ነው የሰጣቸው። «ከጤና ተቋም ነው፣ ስለ ኢብራር ልጠይቅ ነበር፣ አላየነውምና አሳስቦናል» ብላዋለች። አባ ሱቅ ውስጥ ነበር፣ ብረት እየተቀጠቀጠ። «ኢብራርማ ከትምህርት ቤት መጥቶ አጠገቤ ቆሟል፣ ምንም አልሆነም፣ ተሳስተሽ ነው» ብሎ ዘጋባት። እውነቱን ነው። አጠገቡ ነበርኩ።

የዚያን ቀን ምሳ ትዝ አለኝ። ዓርብ ነበር። አባ አፍጥጦ አየኝና «አንተ፣ ደህና ነህ አይደል?» አለ። «ምን ሆንኩ?» አልኩት። «አንዲት ሴት ደውላ ኢብራር ጠፋብን ትለኛለች።» እማ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «በአባትህ ስልክ? ምነው ልጄ፣ ትንሽ እንኳ አታፍርም?» እኔ ምኑም ሳይገባኝ ጆሮዬ ቀላ። ከሁላችንም በላይ የሳቀው ኑሕ ነው። «ሰርግ ነው በሉኛ!» አለ፤ ከዚያ እጁን ሊታጠብ ተነሳ፤ ተመልሶ አልተቀመጠም። ከዚያ በኋላ የኖረው አሥራ ሁለት ቀን ነው።

ሲስተር አጸደን ምን ብሏት እንደነበር ጠየቅኋት። «የሱን አልነግርህም፤ የሱ ነው። ያንተን ንገረኝ» አለችኝ። ያኔ ደረቴን፣ ገጹን ሦስቴ አንብቤ አንድ ቃል እንደማይቀርልኝ፣ ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ ደብተር እየጣልኩ እንደምመጣ፣ ኑሕ ከሞተ ወዲህ ደግሞ መንገድ መሻገር እንደሚያስፈራኝ ነገርኳት። ጻፈች። እኔ ላይ ያለው ኑሕ ላይ ከነበረው ጋር አንድ ይሁን አይሁን ሐኪሙ ሳያየኝ አልናገርም አለች። ቢሆን እንኳ ሕክምና ያለው ነገር ነው፤ የሚያከፋው ጭንቀቱም ድባቴውም አብረው ሲገቡና ሰው ብቻውን ሲሸከመው ነው አለችኝ።

ግን በኔ ስም ያለው ፋይል የሞተ ሰው ፋይል ነው። እሱ ተዘግቶ የራሴ እንዲከፈት፣ አሥራ ስምንት ስላልሞላኝም፣ ወላጅ ይዤ መምጣት አለብኝ።

አየሽው? አባን ይዤው ብሄድ ያ ስልክ ስለ ማን እንደነበር ያውቃል። እማን ይዣት ብሄድ፣ እማ ምስጢር የምትይዘው እስከ ግቢው በር ድረስ ነው። ካልሄድኩ ደግሞ… ካልሄድኩ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ኑሕም ያላወቀው ይሄንኑ ይመስለኛል።

ምን ላድርግ?

ኢብራር


ሊሙ፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኢብሮ፣

ዒድ ሙባረክ፣ ዘግይቶም ቢሆን። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ ዘግይቶ የደረሰህ በጋሽ ጉዲሳ ጥፋት አይደለም።

አውቅ ነበር።

ኑሕ አምና ኅዳር ላይ ደወለልኝ። እንቅልፍ አጥቷል፣ ሥራ ላይ አምስት ደቂቃ መቀመጥ አልቻለም፣ ጫት የሚቅመውም ለመቀመጥ ብሎ እንጂ ለደስታ አልነበረም። ጠዋት መነሳት አልፈልግም አለኝ። ሐኪም ዘንድ ሂድ አልኩት። መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ነበር፤ «የእብድ ካርድ ከተገኘብኝ አባ የሰጠኝን መኪና ማን ያስነዳኛል?» አለ። እኔም እዚህ ኮረብታው ላይ፣ ኔትወርክ ሳይጠፋብኝ ልጨርስ ብዬ፣ «በስምህ ካልፈለግክ በኢብሮ ስም ካርድ አውጣ፤ እሱ ገና ተማሪ ነው፣ ማን ያየዋል?» አልኩት።

ለቀልድ ነው እንዳልልህ፣ ለቀልድ አልነበረም። ምን ያህል ሰው የጎረቤቱን ስም ይዞ እንደሚታከም በየቀኑ አያለሁ። እኔ ዘንድ ስንቷ ሴት በእህቷ ስም ወልዳለች። ሄዶ ይታከም እንጂ ስሙ ምን ያደርጋል ብዬ አሰብኩ። ሲፈልጉት ማንን ብለው እንደሚፈልጉት አላሰብኩም።

የሰጠሁት ያንተን ስም ነው፤ አንተን ሳልጠይቅ። አፉ በለኝ።

የደብዳቤህ ጀርባ ላይ በእርሳስ «አውቆ ይሆን የገባው?» ብለህ ጽፈህ በላጲስ ያጠፋኸውን ብርሃን ላይ ይዤ አነበብኩት። እኔም አላውቅም፣ ኢብሮ። ሾፌሩ ቀና ሳይል ገባብኝ ብሏል። ኑሕ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ቀና ሳይል ነው የሚሻገረው፤ ስድስተኛ ክፍል እያለ እግሩ የተሰበረው እንዲሁ ነበር። ያን ቀን ምን እያሰበ እንደነበር አላህ ያውቃል። እኔ መልሱን መፈለግ አቁሜያለሁ ብል እዋሽሃለሁ።

ለአባ ግን አትንገረው። እለምንሃለሁ። ፈተናህ ይለፍ፤ እኔ ራሴ መጥቼ እነግረዋለሁ። ልቡ አይችለውም።

ሃፊዛ


ኮልፌ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሃፊ፣

አንድ ወር ሙሉ ስላልጻፍኩልሽ ረሳኝ አትበዪ። ተናድጄብሽ ነበር። ጋሽ ጉዲሳ ሁለቴ «ደብዳቤ የለም?» ብለውኝ የለም ብያለሁ፤ ሁለተኛው ላይ «ተጣላችሁ ማለት ነው፤ እንግዲያስ እውነትም እህትህ ነች» አሉ። ንዴቱ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልወጣም። ግን የሆነውን ከሌላ ሰው እንድትሰሚው አልፈለግኩም።

ሰኔ ድረስ ጠብቅ ያልሽኝን ሞክሬዋለሁ። ሞዴል ፈተና ላይ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ሠርቼ ወጣሁ። ኤልናታን፣ አጠገቤ የሚቀመጠው፣ «አንተ ልጅ፣ ጥያቄዎቹን እየቆጠርካቸው ነበር ወይስ እየሠራሃቸው?» አለኝ። እየቆጠርኳቸው ነበር።

ማክሰኞ እማ ለአባ ምሳ አድርስ አለችኝ። ሱቁን ታውቂዋለሽ፣ ከመንገዱ ማዶ ነው። ሳህኑን ይዤ ዳር ላይ ቆምኩ። ታክሲ አለፈ፣ ባስ አለፈ፣ ከዚያ ምንም አልነበረም፤ እግሬ ግን አልንቀሳቀስ አለ። አሁን ብሻገር ሳላይ የምሻገር መስሎኝ ደግሜ አያለሁ፤ ካየሁ በኋላ ያየሁትን አላምነውም። ረዳቶቹ «ቶሎ ግባ፣ ጀሞ ጀሞ!» ይሉኛል። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። አባ ከማዶ አይቶኝ ኖሮ ሱቁን ክፍት ትቶ ተሻግሮ መጣ።

«መኪና እኮ የለም» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

«አልችልም አባ።»

ሳህኑን ከእጄ ወሰደ። አልተቆጣም። «ከመቼ ጀምሮ?» አለኝ። ከዚያ ሃፊ፣ ሁሉንም አልነገርኩትም። ደረቴን፣ እንቅልፉን፣ ትምህርቱን ነገርኩት፤ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ወላጅ አምጣ ብለውኛል አልኩ። ስለ ስልኩ ትንፍሽ አላልኩም፤ ሲስተር አጸደን አስቀድሜ እለምናታለሁ ብዬ ነበር ያሰብኩት። አባ «አሁን እንሂድ» አለ። ሱቁን ዘጋ። በቀን ሱቁን ሲዘጋ አይቼው አላውቅም፤ ለኑሕ ብቻ ነው የዘጋው።

ካርድ ክፍል የተቀመጠው ልጅ ስሜን ጻፈና «አለ እኮ!» አለ። ሮጦ ፋይሉን ሊያመጣ ተነሳ። ተወው ሳልለው መደርደሪያው ጋ ደረሰ።

«ኢብራር ጀላል፣ ሃያ ሁለት ዓመት» አለ።

«አሥራ ሰባት» አለ አባ።

«እዚህ ግን ሃያ ሁለት ነው የሚለው፣ አባቴ። ስልክዎ ይሄ አይደል?» የፋይሉን ሽፋን አዞረለት።

አባ መነጽሩን ከኪሱ አወጣ። ቁጥሩን በጣቱ እየተከተለ አነበበው፤ የራሱን ቁጥር፣ እንደማያውቀው። ከዚያ ጣቱ ወደ ጎን ሄዶ ዕድሜው ላይ ቆመ። እዚያ ብዙ ቆየ። ልጁ «ምነው፣ ስህተት አለ?» ሲለው መነጽሩን ወደ ኪሱ መለሰ።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥን።

«ያቺ ሴት» አለኝ።

«አዎ።»

«ሰርግ ነው ያለው እሱ ነው።»

«አዎ አባ።»

«ስሙን አንተ ነህ የሰጠኸው?»

«አይደለሁም።»

«ማን ነው?»

ስምሽን አልጠራሁም። የተገነዘበው ይመስለኛል፤ ደግሞ አልጠየቀኝም። ወደ ውጭ ይወጣል፣ ይወድቃል፣ ይጮሃል ብዬ ጠበቅኩ። ሲስተር አጸደ በሩን ከፍታ ስትጠራኝ ግን አብሮኝ ተነሳና ገባ። «ዘግቼብሽ ነበር» አላት፣ ሳይቀመጥ። «እኔም ደግሜ መደወል ነበረብኝ፣ አቶ ጀላል» አለችው። ሌላ አልተባባሉም። ፈረመ። ሐኪሙ ለአንድ ሰዓት ያህል ሲጠይቀኝ አባ ጥግ ላይ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ እያንዳንዱን መልስ ይሰማ ነበር። ጭንቀቱ ግልጽ ነው አለ ሐኪሙ፤ የትኩረቱን ነገር ገና በደንብ ያየዋል፤ በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት እመጣለሁ። አዲስ ካርድ አወጡልኝ።

እማን የነገራት አባ ራሱ ነው። ምን እንዳላት አላውቅም፤ በሩ ተዘግቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ትንሽ ነው የሚበላው። ስላንቺ አላነሳም። ግን ትናንት ጋሽ ጉዲሳን «ሊሙ ድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ሲላቸው ሰማሁ። ከዐረፋ በኋላ እሱና እማ ሊመጡ ነው። እንድታውቂው ብዬ ነው።

ኢብራር


ሊሙ፣ ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኢብሮ፣

ሰኞ ማታ ደረሱ። ካንተ ደብዳቤ በኋላ ስድስት ሳምንት አንድ ቀን በደንብ አልተኛሁም፤ አባ ምን ብሎ እንደሚጀምር በሐሳቤ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

ምንም ብሎ አልጀመረም። በማግስቱ ስልክ የሚሠራበትን ቦታ አሳዪኝ አለኝ። ኮረብታው ላይ ወሰድኩት። «እዚህ ቆመሽ ነው ያልሽው?» አለ። እዚህ ነው አልኩት። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። እኔ እያለቀስኩ፣ እሱ ቁልቁል እያየ፣ ዝናቡ እስኪመጣ ቆየን። ሲነሳ እጁን ዘረጋልኝ፤ መንገዱ ያዳልጣል ብሎ። ይቅር ይበለኝ አይበለኝ በቃል አልነገረኝም። እጄን ግን እቤት ድረስ አልለቀቀም።

እማ ከኔ ጋር እያወራች በየመሀሉ «ልጄን ብቻውን ትቼ መጣሁ» ትላለች። አባ ነው ያስጨከናት፤ ሐኪሙም ሲስተሯም ይቻላል ብለዋል፣ ሁልጊዜ በሩ ላይ ተኝተን አንኖርም አላት። በስልክ ስትደውልልህ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ብቻ ስለምትል አታምንህም። ስለዚህ ብቻህን ያደርክበትን የመጀመሪያውን ጠዋት፣ ማክሰኞን፣ አንድ ሳታስቀር ጻፍ ብላለች። መጥፎውንም ጭምር አለች። እኔም ጭምር ነኝ የምጠይቅህ።

ሃፊዛ


ኮልፌ፣ ሰኔ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሃፊ፣ እማ፣ አባ፣

ለሦስታችሁም ነው፤ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። ስፒከር አድርጊው።

ማክሰኞ ጠዋት ስነቃ በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ቤቱ ትልቅ መሰለኝ። ሰላቴን ዘግይቼ ሰገድኩ። እማ በሰሃን ከድነሽ የተውሽልኝን ዳቦ በማር በላሁ፤ ሻይ አላፈላሁም፤ ሲሊንደሩን ከፍቼ እረሳለሁ ብዬ ፈርቼ ነው። በሩን ዘግቼ እንደሆነ ሦስት ጊዜ ሄጄ አየሁ። ሁለቴ ይበቃ እንደነበር አውቃለሁ።

ከዚያ ፊዚክስ ከፈትኩ። መጥፎውንም ጭምር ስላላችሁ እንጂ ይህን ባልጻፍኩት ነበር። ለወራት እንቢ ያለኝ መጽሐፍ ያን ቀን ያዘኝ። ስለ መግነጢስ ያለውን ምዕራፍ ጀምሬ፣ ጥያቄዎቹን ሠርቼ፣ ቀጣዩን ጀመርኩ። እግሬ ደንዝዞ፣ ጀርባዬ ታሞ፣ ቀና አላልኩም። ደስ ብሎኝ ነበር። አባ ሲመለስ ደብተሩን አሳየዋለሁ እያልኩ ነበር።

ቀና ስል አምስት ሰዓት ከሩብ ነው።

ቀጠሮዬ ሦስት ሰዓት ነበር።

አልጋዬ ላይ ወጥቼ ብርድ ልብሱ ውስጥ ገባሁ። በመጀመሪያው ቀን። ማንም ሳያስታውሰኝ ራሴን እችላለሁ ብዬ ምዬ፣ በመጀመሪያው ቀን። ሲስተር አጸደ በሩን ከፍታ ስሜን ጠርታ፣ ከአግዳሚው ላይ ማንም እንዳልተነሳ በሐሳቤ አየሁት። ዛሬ ብደውል ምን ብዬ ነው? እያጠናሁ ረሳሁ? በሚቀጥለው ማክሰኞ ሄጄ አሞኝ ነበር እላለሁ ብዬ ወሰንኩ፤ ወዲያው ቀለል አለኝ።

የቀለለኝ ነገር ነው ያስደነገጠኝ። ኑሕም እንዲህ ይሆናል የጠፋው። ሊጠፋ ፈልጎ ሳይሆን፣ አንድ ማክሰኞ ረስቶ፣ አፍሮ፣ በሚቀጥለው እሄዳለሁ ብሎ ቀለል ብሎት፤ የሚቀጥለው ሲደርስ ደግሞ የሁለት ሳምንት እፍረት ይዞ። ከዚያ የሦስት። እውነቱ ይሄ ይሁን አይሁን አላውቅም። ግን ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኜ የኔ እውነት ይሄ ሊሆን እንደነበር አውቄያለሁ።

ተነስቼ ደወልኩ። ያ የካርድ ክፍሉ ልጅ ነው ያነሳው።

«ማን ልበል?»

«ኢብራር ጀላል።»

«የትኛው?»

ክፉ ብሎ አልነበረም። እሱ እንደዚያ ነው፤ ፋይሉ ሁለት ስለሆነበት ነው። «የአሥራ ሰባት ዓመቱ» አልኩት። «የሦስት ሰዓት ቀጠሮ ነበረኝ። ረሳሁት።»

«አሁን ስድስት ሊሆን ነው እኮ፣ ወንድሜ።»

«አውቃለሁ። ረስቼ ነው። መምጣት እችላለሁ?»

ስልኩን ሸፍኖ ከሰው ጋር አወራ። ሲስተር አጸደ የሆነ ነገር ስትል ይሰማኛል፤ ቃሉን አልለየሁትም። «ና» አለኝ። «ምሳዋን አትበላም፤ አንተን ካየች በኋላ ነው የምትበላው ብላለች፤ ስለዚህ ቶሎ ና።»

መንገዱን ተሻገርኩ። ሁለት ጊዜ አየሁ፤ ሦስተኛ ልይ ብዬ አንዲት ሴትዮ ልጅ አዝላ ስትሻገር አብሬያት ሄድኩ።

ስደርስ አግዳሚው ላይ ሁለት ሰዎች ይቀድሙኝ ነበር። «የመጨረሻው ማነው?» አልኩ። አንደኛዋ እጇን አነሳች። ከሷ ቀጥሎ ተቀመጥኩ።

ኢብራር